ጉዝጓዝ ለጓሮ አትክልት

ለዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉዝጓዝ ነው። በዓል ሲመጣ ቤት ውስጥ የምንጎዘጉዘውን ቄጠማ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጓሮ አፈርም እንዲሁ ሲጎዘጎዝለት ይወዳል።

ለምን? በባሕር ዳርና በጣና ዳር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ የተራቆተውን አፈር ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጠዋት በጀሪካን ተሸክማችሁ ያጠጣችሁት ውኃ ማታ የለም። አፈሩ ከለበሰ ግን ውኃው ቶሎ አይተንም፤ አረምም ብርሃን አጥቶ ይቀንሳል፤ ጉዝጓዙ ራሱ ሲበሰብስ አፈሩን ያዳብራል። ዘጌ ሄዳችሁ ከቡናው ሥር ብታዩ፣ ዛፎቹ ያረገፉት ቅጠል ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ታገኙታላችሁ።

ምን እንጎዝጉዝ? የጤፍ ወይም የዳጉሳ ጭድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከላሟ አፍ አትንጠቁ፤ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ወይም ዘር ያልያዘ ሣር ይበቃል። በሽታ የመታው የቲማቲም ቅጠል ግን አይሆንም፤ በሽታውን መልሶ ያመጣል።

እምቦጭስ? ይህ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው አረም ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሮ ሲታይ፣ «በነፃ የተገኘ ጉዝጓዝ» ያሰኛል። አትቸኩሉ! እምቦጭ ከቁራጩም ከዘሩም ይራባል። ማድረቅ ተክሉን ይገድላል እንጂ ዘሩን አይገድልም፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አበባ ያወጣውን ከቶ አትንኩ፤ እርጥቡን ወደ ሌላ ቀበሌ አታጓጉዙ፤ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ወንዝ በሚወርድ ጓሮ ላይ ፈጽሞ አትጎዝጉዙት። አንድ ጓሮ እናርጥብ ብለን ሐይቁን እንዳናጣ!

አጎዛጎዙ እንዲህ ነው፦
1. አረሙን ንቀሉ።
2. አፈሩን በደንብ አጠጡ። ደረቅ አፈር ከተሸፈነ ደረቅ ሆኖ ይቀራል።
3. ችግኙ ስንዝር ያህል ሲያድግ በ4 ጣት ውፍረት ጎዝጉዙ።
4. ከግንዱ 4 ጣት አርቁ፤ ከነካው ግንዱ ይበሰብሳል።
5. ምስጥ እንዳይገባ እየገለጣችሁ እዩ። ክረምት ሲገባ አሳሱት።

የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ሁለት መደብ ምረጡ፤ አንዱን አልብሱ፣ አንዱን ተዉት። እኩል አጠጡና በየማለዳው ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰድዳችሁ እርጥበቱን እዩ። የትኛው በስንተኛው ቀን እንደደረቀ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነውና!

ደህና ሁኑ።