ያውቁ ኖሯል? ቫይረስ ትልቁን የደም ቧንቧም ይነካ ይሆናል

አኦርታ ከልብ ተነስቶ ደም ለመላ ሰውነት የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ግድግዳው ሲዳከም ያብጣል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ጥፋቱን በደም ግፊት፣ በሲጋራና በዕድሜ ላይ መጣል ለምደናል። ቫይረስስ?

ጥርጣሬውን ካጠናከሩት መካከል ዶሮዎች ይገኙበታል። በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዶሮዎችን የማሬክ በሽታ በሚያስከትለው የሄርፒስ ቫይረስ በከሏቸው። ኮሌስትሮል ያልተጨመረበት ተራ መኖ የበሉት ሳይቀሩ በአኦርታቸውና በልባቸው የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስብ ተጋገረ፤ ጉዳቱ በሰው ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰል ነበር። በኋላ ደግሞ ክትባት ይህንኑ ሲከላከል ታየ። 

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና አልጠራም። ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ወጣቶች ላይ የአኦርታ እብጠት ታይቷል። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስም በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ አነጋግሯል፤ አኦርታን ጭምር ሊያስቆጣ በሚችል የደም ሥር ሕመም በተያዙ አረጋውያን የጆሮ ግንድ የደም ሥር ውስጥ አገኘነው ያሉ ነበሩ። ሌሎች ፈልገው አጡት። በደም ሥር ውስጥ መገኘቱ ብቻውንም ጥፋተኛ አያደርገውም።

እስከዚያው ከተረጋገጡት ጠላቶች አንዱ ደም ግፊት ነው፤ ይለኩት። ድንገት ደረትን ወይም ጀርባን የሚቀድ ሕመም ከተሰማዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።