ክብ ማኅተም

የደርግ ዘመን ገበሬ ማኅበር ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሊቀመንበሩን ነው። ሊቀመንበሩን ደግሞ በማኅተሙ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ የማይለያት፣ ቀለሟ ሲደርቅ በትንፋሹ እፍ እያለ የሚያረጥባት ክብ ማኅተም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ድልድሉን የሰጠው ለራሱ ለገበሬው ነበር። ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ስፋት ባለው አካባቢ አንድ ማኅበር ይቋቋማል። ጭሰኛው፣ መሬት የለሹ፣ ተቀጣሪው፣ አነስተኛ ባለርስቱም አባል ይሆናል። ከ10 ሄክታር በላይ የያዘ ግን ድልድሉ ሳያልቅ አይገባም። አከፋፋዩን ተካፋዩ ይምረጠው ነው ነገሩ። ገበሬውን ለማደራጀት የወረዱት የእድገት በኅብረት ዘማቾች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሞፈር ጨብጠው የማያውቁ የከተማ ልጆች።

አባልነቱ የሚመዘገበው በቤቱ አባወራ ስም ስለሆነ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ስሟ ከመዝገብ ይገባል፤ ባለትዳሯ ግን በባሏ ስም ውስጥ ትቀራለች። እንዲህ ያለው ጉባኤ ሊቀመንበሩን፣ ጸሐፊውን፣ የፍርድ ሸንጎውን ዳኞች ይመርጣል። ሊቀመንበርነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ለቆጠረ ሰው ያደላ ነበር፤ ከበላይ የሚመጣ ወረቀት ይነበባላ!

ወረቀቱ ደግሞ እየበዛ ሄደ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በኮታ ሲፈልግ ከየቤቱ የሚያስወጣው ሊቀመንበሩ ነው። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ የጎረቤቱን ልጅ ስም የሚያስተላልፈውም እሱው። መንደር ምሥረታ ሲመጣ ቤቱን አፍርስ የሚለው፣ አሁንም እሱ። ገበሬው ስለ ራሱ እንዲናገርለት ያወጣው ሰው የወረዳው አፍ ሆኖ ተመለሰ። እኔ በሰውዬው ብቻ አልፈርድም፤ ኮታው ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነበርና።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ሒሳቡ መጣ። በማኅበር አመራርነት ያገለገሉት «ቢሮክራሲ» ተብለው ከ1 ሄክታር፣ በጎጃም አነጋገር ከ4 ቃዳ፣ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ከእነሱ የተቀነሰው መሬት ለጎረቤት ደረሰ፤ ከጎረቤቶቹም አንዳንዱ ያኔ እጁን አውጥቶ የመረጣቸው ነው።