ፔዳሉ የማያርፍ ብስክሌት

ቁልቁለት ላይ እግሩን አሳርፎ፣ ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ እየሰማ መንጎድ የለመደ ሰው ፊክስድ ጊር በሚባለው ብስክሌት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደነግጠው ጉልበቱ ነው። እግሩን ላሳርፍ ሲል ፔዳሉ እምቢ ብሎ ወደ ላይ ያነሣዋል። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ላይ ስለተያያዘ፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። በልጅነቱ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማርሹ አንድ፣ ካቴናውም አንድ ነው፤ ስለ አሠራሩ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ለእሽቅድድም ትራክ የተሠራውን ይህን ብስክሌት ወደ ከተማ መንገድ ካወጡት መካከል የኒው ዮርክ መልእክተኞች ይገኙበታል። ከሕንፃ ሕንፃ ደብዳቤና ጥቅል ሲያመላልሱ ለሚውሉ ሰዎች የሚበላሽ ዕቃ ማነሱ ትልቅ ነገር ነው። በበረዶ ወራት አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው የማርሽ መቀየሪያ ይበላል፤ እዚህ ግን የሚበላ መቀየሪያ የለም። ከዚያው የመልእክተኛ ሥራ የወጣው ኔልሰን ቬይልስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በትራክ ስፕሪንት የብር ሜዳልያ ወስዷል።

ቢሮ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጠዋት በመኪና መካከል በዝግታ ሲኬድ ፍጥነቱን የሚመጥነው እግር ራሱ ነው፤ ገፋ ሲያደርግ ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ ያዝ ሲያደርግ ይቀንሳል። መንገዱ ዝናብ ጠጥቶ ሲያንሸራትትም ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእግር ነው።

የፍሬኑ ነገር ግን በዝምታ አይታለፍም። «ፊክስድ ፍሬን አይፈልግም» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ይህን ሲናገሩም ኩራት ቢጤ ይታይባቸዋል። በእግር ፍጥነት መቀነስ እንደሚቻል እውነት ነው፤ ደህና ነጂ ሲሠራ የሚውለውም ይህንኑ ነው። ድንገት መቆም ግን ሌላ ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ እየቀለለ ቶሎ ሲንሸራተት የፊተኛው መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣል። ስለዚህ በኋላ ጎማ ብቻ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በፊት ፍሬን ከሚያስፈልገው እጥፍ ግድም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ይህን ተረድቷል፤ ፔዳሉ የማያርፈውን የኋላ ጎማ እንደ አንድ ፍሬን ይቆጥርና ከፊት ግን ሌላ ፍሬን ይኑር ይላል።

ፍሬን አልባዎቹ የሚወዱት ትርኢት ፔዳሉን ቆልፎ አስፋልት ላይ መንሸራተት ነው። እነሱም ቢሆኑ ትንሽ ሂሳብ ቢያውቁ ኪሳቸውን ያድኑ ነበር። ከፊት 48፣ ከኋላ 16 ጥርስ ያለውን ብስክሌት እንውሰድ። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ነው፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሳይጎድል ሳይተርፍ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሁልጊዜ አንዱን እግር ከፊት አድርጎ የሚቆልፍ ሰው እንግዲህ ሁልጊዜ አስፋልቱ ላይ የሚፈጨው ያንኑ የጎማ ቦታ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዙሪያው አዲስ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ክሩ እስኪታይ ያለቀ ጎማ አይቷል፤ ባለቤቱ የሚወቅሰው ጎማ ሠሪውን ነበር! የፊቱን ጥርስ በ47 ቢቀይረው በጉልበቱ ላይ የሚሰማው ልዩነት እምብዛም ነው፤ 47 ለ16 ግን ስለማይካፈል መፈጨቱ በ16 የተለያዩ ቦታዎች ይከፋፈላል። ከኋላ 17 ጥርስ ማድረግም ያው ነው፤ 48 ለ17 አይካፈልምና ቦታዎቹ 17 ይሆናሉ።

ለከተማ ምልልስ 46 በ16 ጥሩ መነሻ ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲሄድ ብስክሌቱ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመሄድም እግር በደቂቃ ወደ 70 ጊዜ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ 45 ከደረሰ ግን ዙሩ ከ120 ያልፋል። ባሕር ዳር ለጥ ባለው መንገድ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ከእንጦጦ ለሚወርድ ግን የፊት ፍሬን ከሌለ ጨርሶ አይሞከርም።

ቁልቁለት የሚበዛበት ሰው ሁለት ጎን ያለው የኋላ ጎማ ይግዛ፤ በአንዱ ጎን ቋሚ ጥርስ፣ በሌላው የሚያርፍ ፍሪዊል ይታሰርበታል። ቱር ደ ፍራንስ የማርሽ መቀየሪያ እስከፈቀደበት እስከ እ.ኤ.አ. 1937 ድረስ ተወዳዳሪዎች ዳገት ሥር ወርደው የኋላ ጎማቸውን ፈትተው ያገላብጡ ነበር። ዛሬም ቁልፍ ለያዘ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ካቴናውን በጨርቅ የሚያጸዳ ሰው ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ አያጽዳ። በሌላው ብስክሌት ላይ ጨርቁ ሲያዝ ካቴናው ይቆማል፤ ፊክስድ ላይ ግን የሚሽከረከረው ጎማ ጨርቁንም ጣትንም ጎትቶ ወደ ጥርሱ ያስገባል። ሰፊ ሱሪና የተፈታ የጫማ ማሰሪያም በዚሁ መንገድ ይገባሉ፤ ቀኝ እግር ላይ ሱሪ ማሰር ግድ ነው።