ዕዳን ስለ መክፈልና የቤት ወጪን ስለ መቀነስ፤ በኤልሳዕና በባለዕዳዪቱ መበለት ታሪክ ላይ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ፥ በምዕራፍ 4 መጀመሪያ፥ የአንዲት መበለት ነገር ተጽፏል። ይህች ሴት ከደቂቀ ነቢያት ወገን የአንዱ ሚስት ነበረች። ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ ባለገንዘቡም ሁለት ልጆቿን ባሮች አድርጎ ሊወስድባት መጣ። ወደ ነቢዩ ወደ ኤልሳዕ ሄዳ በጮኸች ጊዜ በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተውሳ፥ ደጇን በራሷና በልጆቿ ላይ ዘግታ፥ ከዘይቱ ወደ ማድጋው ሁሉ እንድትገለብጥ አዘዛት። ማድጋውም ሁሉ ሞላ። ከዚህ በኋላ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋራ እንድትኖር ነገራት።

ይህን ምዕራፍ የሚሰሙ ብዙዎች የዘይቱን መብዛት አድንቀው የትእዛዙን ተራ ሳያዩ ያልፋሉ። ዘይቱን ያበዛ እግዚአብሔር ነው፤ መቍጠር፥ መዝጋት፥ መሸጥ፥ መክፈልና በተረፈው መኖር ግን ለሴቲቱ የተተወ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናትተው ይህን የሴቲቱን ሥራ ነው፤ ዛሬም ዕዳ የያዘው ቤት ሊሠራው የሚቻለው እርሱን ነውና።

ስለ ሟቹ ዕዳ

ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበረ ሚስቱ መስክራለች። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ስለ ምን ባለዕዳ ሆነ ቢሉ፥ ዮሴፎስ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ይህ ሰው አብድዩ ነው ይላል። አብድዩ በንጉሡ በአክዓብ ቤት አዛዥ ነበረ፤ ኤልዛቤል ነቢያትን ባስፈጀች ጊዜ 100 ነቢያትን 50፥ 50 አድርጎ በዋሻ ሸሽጎ መግቧል። ዕዳውም እነርሱን ለመመገብ የተበደረው ነው ይላል።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው ቢሉ፥ ምክንያቱ መልካም ስለ ሆነ ዕዳው እንደማይቀር ነው። ባለገንዘቡ ገንዘቡ በምን እንደ ዋለ አልጠየቀም፤ ልጆቹን ግን ጠየቀ። ስለዚህ ማንም ሰው የተበደርሁት ለበጎ ነገር ነው ብሎ አይጽናና፤ በጎ ሥራውን እግዚአብሔር ይቈጥርለታል፥ ዕዳውን ግን ባለገንዘቡ ይቈጥርበታል።

በአገራችንም ቀድሞ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ታስረው፥ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ቍራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ ነገሩ ግን አልቀረም። ባለዕዳ ሲተኛ ዕዳው አብሮት ይተኛል፥ ሲነሣ አብሮት ይነሣል፤ እንግዳ ሲመጣ ባለገንዘቡ መሰለኝ ብሎ ይደነግጣል።

ቤትን ስለ መቍጠር

ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት ስንት ዕዳ እንዳለባት ሳይሆን በቤቷ ምን እንዳላት ነው። እርሷም ምንም የለኝም ብላ ጀመረች፥ በቀር ብላ ጨረሰች። የቤቷ መድኃኒት ከበቀር በኋላ የተናገረችው ነበረ። የተጨነቀ ሰው የጎደለውን ይቈጥራል እንጂ ያለውን አይቈጥርም፤ ስለዚህ ነቢዩ ያላትን አስቈጠራት።

እንግዲህ ዕዳ ያለበት ሰው ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ይቍጠሩ። በአንድ ወገን በቤት ያለውንና በየወሩ የሚገባውን፥ በሌላው ወገን የማን ገንዘብ እንደ ሆነ፥ ስንት እንደ ሆነ፥ መቼ እንደሚከፈልና ወለዱ ስንት እንደ ሆነ ይጻፉ። ባል የሸሸገውን ዕዳ ሚስት በቍጠባ ልትከፍለው አትችልም፤ ሚስት የሸሸገችውንም ባል እንዲሁ። ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን በወንጌለ ሉቃስ በምዕራፍ 14 አስተምሯል፤ ለመሥራት መቍጠር ካስፈለገ የፈረሰውን ለማደስማ እንዴት አያስፈልግ።

ወጪውም ሦስት ወገን ነው። አንዱ ለመኖር የሚወጣ ነው፤ ሲራክ በምዕራፍ 29 የሰው ኑሮ መጀመሪያ ውኃ፥ እንጀራ፥ ልብስና ገመናን የሚሸፍን ቤት እንደ ሆነ ይናገራልና። ሁለተኛው ለልማድ የሚወጣ ነው፤ ማኅበርና ዝክር፥ የክርስትናና የሠርግ ድግስ ነው። ሦስተኛው ለመታየት የሚወጣ ነው፤ ከልማዱ በላይ የሚታረደው በሬ፥ ጎረቤት ስለ ጣለ የሚጣለው ጠጅ፥ ያለው ሳያልቅ የሚገዛው ልብስ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሦስተኛውን ይተወው፥ ሁለተኛውን ያሳንሰው፥ የመጀመሪያውን ይጠብቀው። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሽ ያደርገዋል፤ ከልጆቹ መሶብ ቀንሶ ለእንግዳ ጋን ይጨምራል።

ደጅን ስለ መዝጋት

ደጇን ዝጊ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ተአምራቱ ለከንቱ ውዳሴ እንዳይሆን ነው። አንድም የቤቷን ችግር ጎረቤት እንዳያየው፥ እንዳታፍርም ነው። አንድም ዘይቱ ሲበዛ አይቶ እንካፈል፥ እንብላ የሚል እንዳይመጣባት ነው፤ ዘይቱ ገና ዕዳው አልተከፈለበትምና የእርሷ አይደለም።

ይህ ሦስተኛው ለእኛ ይስማማል። ቤትን ባለዕዳ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ረኃብ አይደለም፤ ኃፍረት ነው። አባቱን ያለ ድግስ ቀበረ፥ ልጁን ያለ ሠርግ ዳረ እንዳይሉት ይበደራል። ሲራክ ግን በምዕራፍ 18 በኪሱ ምንም ሳይኖር በብድር ገንዘብ ግብዣ የሚያደርግ ሰው ለማኝ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ደጅን መዝጋት ማለት ለጊዜው በቤቴ ድግስ የለም ለማለት መድፈር ነው። ለአንድ ዓመት ያፈረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከማፈር ይድናል።

ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ በዚህ ነገር እኛም አለንበት። እኔ ይህን የምጽፍ ሰው ወደ አንድ ቤት ለ40 ቀን ተዝካር ተጠርቼ ሄድሁ። በሬ ታርዶ ነበር፥ ጠላውም በጋን በጋን ቀርቦ ነበር። በላሁ፥ ጠጣሁ፥ መርቄ ወጣሁ። በዓመቱ በዚያው አገር ሳልፍ የሟቹን ልጅ የሌላ ሰው እርሻ በእኩል ሲያርስ አገኘሁት። የገዛ እርሻህስ ብዬ ብጠይቀው፥ ለተዝካሩ በወለድ አገድ ተይዟል አለኝ። ያን ቀን የአባትየውን ተዝካር የበላሁ መስሎኝ ነበር፤ የበላሁት ግን የልጁን እርሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ተዝካር ሊመክረኝ ሲመጣ አስቀድሜ ከምን ታወጣዋለህ እለዋለሁ። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ፥ ቍርባኑና ምጽዋቱ ነው እንጂ የጠጁ ብዛት አይደለም። ይህንንም ከመበደሩ በፊት ልንነግረው የሚገባን እኛ ነን፤ ከእኛ በቀር ሌላ ሰው ቢነግረው ንፉግ ነህ ይለዋልና።

ስለ ውሰትና ስለ ብድር

ባለዕዳ ሆና ሳለች ነቢዩ እንደ ገና ከጎረቤት ውሰጂ ማለቱ እንዴት ነው ቢሉ፥ ያዘዛት ውሰትን ነው እንጂ ብድርን አይደለም። ውሰት ዕቃው ራሱ የሚመለስ ነው፤ ማድጋውን ሠርታበት ማድጋውን ትመልሳለች። ብድር ግን የተወሰደው ይጠፋል፥ ሌላ ይመለሳል። ባለዕዳ ዕዳውን በሌላ ብድር ሊከፍል ቢሄድ ጉድጓድን በጉድጓድ አፈር እንደሚሞላ ሰው ነው፤ አንዱ ሲደፈን ሌላው ይከፈታል። የጎረቤት መሣሪያ ተውሶ መሥራት፥ የጎረቤት ጋን ተውሶ ጋን ሳይገዙ መቅረት ግን ቍጠባ ነው። ዕቁብም ቢሆን በተራ የሚደርስ የራስ ገንዘብ ነውና፥ ተራው ሲደርስ ለዕዳው ከዋለ መልካም ረዳት ነው፤ ለድግስ ከዋለ ግን ዋስ ያለበት ሌላ ዕዳ ይሆናል።

ስለ ክፍያው ተራ

ሴቲቱ ማድጋው በሞላ ጊዜ ዘይቱን ወዲያው አልተጠቀመችበትም፤ ተመልሳ ነቢዩን ጠየቀችው። እርሱም አስቀድሞ ሽጪ፥ ቀጥሎ ክፈዪ፥ በኋላም በተረፈው ኑሪ ብሎ በተራ አዘዛት። የዚህ ምዕራፍ ምሥጢር በዚህ ተራ ውስጥ ነው። እኛ አስቀድመን እንኖራለን፥ ከተረፈም እንከፍላለን እንላለን፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለኖረ ሰው የሚተርፈው የለም። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ግን በቀረው መኖርን ይማራል።

ነገሩ በቍጥር እንዲታይ እንዲህ እናድርገው። አንድ ሰው 1,000 ብር ከአራጣ አበዳሪ ቢበደር፥ ወለዱም በወር ከመቶ 10 ቢሆን፥ በየወሩ 100 ብር ይከፍላል። በዓመት 1,200 ብር ከፍሎ 1,000 ብሩ እንዳለ ይቈየዋል፤ በ10 ዓመትም እንዲሁ ነው። ይህ ሰው ከቤት ወጪው በወር 50 ብር ቀንሶ በ100ው ላይ ቢጨምርና 150 ብር ቢከፍል፥ በመጀመሪያው ወር ዋናው ወደ 950 ብር ይወርዳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 95 ብር ስለሚሆን 55 ብሩ ለዋናው ይውላል። ወለዱ እያነሰ የዋናው ክፍያ እየበዛ ሄዶ በ12ኛው ወር ዕዳው ፈጽሞ ያልቃል። እንግዲህ ለዘላለም ባለዕዳ በመሆንና በ1 ዓመት ነጻ በመውጣት መካከል ያለው ያ 50 ብር ነው። 50 ብሩም ከሌላ አይመጣም፤ ከማሩ፥ ከጌሾውና ከድግሱ ይመጣል።

ጾማችንም ለዚህ ይረዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ በነዚህ 70 ቀኖች ሥጋና ቅቤ አይገዛም። ነገር ግን በብዙ ቤት ጾሙ ያተረፈውን ፋሲካ ይበላዋል። በመጽሐፈ ሄርማ የጾመ ሰው ሳይበላው የቀረውን ምግብ ዋጋ አስቦ ለመበለትና ለድኻ እንዲሰጥ ተነግሯል። ባለዕዳም እንዲሁ ዋጋውን አስቦ ለይቶ ያኑር፤ የሰው ገንዘብ ነውና አስቀድሞ ለባለገንዘቡ ይስጥ። ስለ ዕዳው ምጽዋትን ፈጽሞ አይተው፤ ኩርማን እንጀራም በፍቅር ቢሰጥ ምጽዋት ነው። በብድር ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ምጽዋት ግን ሰጪው ባለገንዘቡ ነው፥ ምስጋናውን የሚወስድ ሌላ ነው።

ስለማይቀነሰው

ወጪ መቀነስ ቢያስፈልግም የማይቀነስ አለ። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ወፍጮና መጁን መያዣ አድርጎ መውሰድ ተከልክሏል፤ የሰውን ሕይወት መያዝ ነውና። ባለገንዘቡ የተከለከለውን ባለዕዳው በገዛ ቤቱ ላይ አያድርገው። የልጆችን እንጀራ፥ የታመመውን መድኃኒት፥ የሠራተኛውን ደመወዝ አይቀንስ። የሠራተኛ ደመወዝ ቢያስቀር ዕዳ ከፈለ አይባልም፤ ዕዳውን ከባለጠጋ አንሥቶ በድኻ ላይ አደረገው እንጂ። መቀነስ የሚጀመረው ከጌታው ማዕድ ነው።

ስለ መኳንንትና ስለ ባለገንዘብ

ለዚህ የነህምያ ነገር ምስክር ነው። በምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈ፥ ሕዝቡ እርሻውንና ወይኑን አስይዞ፥ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ በጮኸ ጊዜ ነህምያ ታላላቆቹንና ሹማምቱን ገሠጸ፤ እርሻውን፥ ወይኑንና ቤቱን፥ ከመቶ አንድ አድርገው የሚወስዱትንም ወለድ አስመለሰ። ከመቶ አንድ ማለት በወር ነው ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ በዓመት ከመቶ 12 ነው። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ በውል የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ነህምያ እንዲመለስ ያደረገው ለእኛ የመጨረሻው ወሰን ሆነ፤ በወር ከመቶ 10 የሚወስድ ሰው ምን ያህል እንደ ራቀ ከዚህ ይመርምር።

ነህምያ ግን ሌላውን ብቻ አልገሠጸም። ከአርጤክስስ 20ኛ ዓመት እስከ 32ኛው ዓመት፥ 12 ዓመት ሙሉ፥ ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልተቀበለም። በማዕዱ 150 ሰዎች ይቀመጡ ነበር፥ በየቀኑም አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች ይታረዱ ነበር፤ ነገር ግን ሸክሙን በድኻ ላይ አልጫነውም። ማዕድ ሰፊ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰው ገንዘብ ሲቀርብበት ነው።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፥ ነገሩ ይህ ነው። ዕዳ ያለበት ያለውን ይቍጠር፥ ደጁን ይዝጋ፥ አስቀድሞ ይክፈል፥ በተረፈውም ይኑር። ያበደረ ወለዱን ያቅልል፥ ጊዜም ይስጥ። የሚመክር ካህን ከድግሱ በፊት ይምከር። በዚያች መበለት ቤት ዘይቱ የቆመው ማድጋው ሲያልቅ ነው፤ ልጆቿ ግን ከቤቷ አልወጡም። ከዘይቱ መብዛት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።