ሁለት ዓሣ፣ ሁለት ውኃ

አዳማ ላይ ጉላሽም ይሁን ጥብስ ሲታዘዝ የሚቀርበው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በብዙ የአፍሪካ ወንዝና ሐይቅ ስላለ አንድ ሐይቅ ቢነጥፍ ዘሩ አይጠፋም። አዳማ ባለችበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን መኖሪያቸው አንድ ሐይቅ ብቻ የሆነ ዓሦችም አሉ። ከእነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «ዓሣ ይጠበቅ» የሚለው ቃል ለሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ሥራ መሆኑን ይረዳል።

የመጀመሪያው የዝዋይ ሐይቅ ነው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 የመዘገበውና ዛሬ ላቤዮባርበስ ኢትዮፒከስ የሚለው ይህ ዓሣ አጥማጆች ቢልጫ ከሚሉት ወገን ነው። የዚህ ወገን ዓሦች ልማድ በጣና በሚገባ ተጠንቷል፦ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቅ ወደ ወንዝ ይወጡና ጠጠር ላይ ይራባሉ። እንቁላሉ በጠጠር መሃል ገብቶ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ካላገኘ ይታፈናል። ዝዋይን የሚመግቡት ደግሞ ከአርሲ የሚወርደው ካታርና ከጉራጌ ደጋ የሚመጣው መቂ ናቸው። ስለዚህ ሐይቁን ብቻ መጠበቅ ለእንዲህ ያለ ዓሣ ግማሽ ሥራ ነው፤ የተቀረው ግማሽ መንገዱን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው በአፋር አፍዴራ ሐይቅ ይኖራል። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ጨዋማ ውኃ፣ ፍል ምንጮች በሚገቡበት ዳርቻ፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የቆሮሶ ዘመድ አለች፤ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። የትም አትሄድም፤ የምትሻው ጥግ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ፤ ሐይቁ እየተቀዳ በየኩሬው ይተናል።

«የሰው ጨው ይቅደም እንጂ ጣት የምታክል ዓሣ ምን ትሠራለች?» የሚል ይኖራል። ጨው ይመረት፤ ነገር ግን ምንጮቹ ዙሪያ የምትቀረው ጥቂት ቦታ የጨው ሥራውን አታቆምም። ለዝዋይ የሚነሳው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፦ ዓሣው የሚወጣው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ነው፣ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ገበሬ ፓምፕ የሚነሳው በበጋ ነው፤ ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? የሚያገናኛቸው ጫጩቶቹ ናቸው። ወደ ሐይቁ ሊወርዱ ሲሉ ወንዙ ቢጎድል መመለሻ ያጣሉ። ከደጋው የሚወርደው ደለል ደግሞ ጠጠሩን ይሸፍናል።

«አስጋሪውን ማገድ ይበቃል» ለሚሉም መልሱ የአብያታ ሐይቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ መረብና ወቅት ሊወስን ይችላል፤ አብያታን ግን ያራቆተው መረብ አይደለም። የሚመግበው ቡልቡላ ወንዝ ቀንሶ፣ በዳርቻው ያለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ውኃ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ። በጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት ጎጆ የሠሩ ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። በዝዋይ ዳር ያለው የባቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል በኩሬ ጫጩት ቢያራባ ጥሩ ነው፤ ኩሬ ግን ካታርን አይተካም። ዛሬ ለመስኖ ፈቃድ ሲሰጥ የሚሰላው ስንት ሄክታር እንደሚለማ ከሆነ፣ ከዝናብ በኋላ በካታር ስንት ውኃ ወደ ሐይቁ መድረስ እንዳለበትም አብሮ ይሰላ።