ለአስታማሚም ከፍትፍቱ ፊቱ

አንድ ሰው የአእምሮ ሕመም ሲይዘው ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚመክረው ስለሚሄድበት ቦታ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ይወሰድ፣ ጸበል ይግባ፣ ወይስ ገጠር አያቱ ዘንድ ሄዶ አየር ይለውጥ? ምክሩ ተገቢ ነው። ይሁንና ሰውዬው የትም ታከመ የት፣ ዞሮ ዞሮ የሚውለው የሚያድረው ቤቱ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚባልና በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚባል የሚነሣበት ምክክር ግን እምብዛም አይገጥምም። የቤት ውስጥ አነጋገር የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ይመስለኛል። ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን አነጋገራችንን ከሕክምናው ጎን ያስቀምጠዋል።

ነገሩ የተጀመረው ለንደን ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጆርጅ ብራውን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ሲከታተል፣ ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ትዳር ጓደኛቸው የተመለሱት፣ በኪራይ ክፍል ወይም ከወንድም ከእህት ጋር ከኖሩት ይልቅ ሕመሙ እንደሚያገረሽባቸው አየ። እንዲህ የሚቀርብ ሰው ያለበት ቤት እንዴት ይጎዳል? ተመራማሪዎች ቤተሰቡን እያነጋገሩ በቴፕ ቀዱ፤ ሲያዳምጡም ከቃሉ እኩል ቃናውን መዘኑ። «ዛሬም እስከ ስድስት ሰዓት ተኛ» የሚለው በተራ ድምፅ ከተነገረ ወሬ ነው፤ ጥርስ ተነክሶ ከተነገረ ነቀፋ ነው። ክሪስቲን ቮን እና ጁሊያን ሌፍ በ1976 የራሳቸውን ውጤት ከቀደመው ጥናት ጋር አዳምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ልክ ያለፈ ጭንቀት ወደበዛበት ቤት ከተመለሱት 51 ከመቶ ሲያገረሽባቸው፣ ረጋ ወዳለ ቤት ከተመለሱት ግን ያገረሸባቸው 13 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ1998 ደግሞ 27 ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ግንኙነቱ ጸና፤ በድባቴ ላይማ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ነቀፋው በብዛት የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሰዎች ይታገሡታል ተብሎ የማይታሰበውን፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትን ወይም የማይጨበጥ ነገር መናገርን፣ ቤተሰብ «ሕመሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አለመታጠቡን፣ ዝምታውን፣ ከአልጋ አለመነሣቱን ግን ስንፍና ይለዋል። ፍላጎት መጥፋትና መፍዘዝ ግን የስኪዞፍሬኒያም የድባቴም ዋና ምልክቶች ናቸው። «ጠንከር በል እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» የሚለው ማበረታቻ ሰሚው ጋ ሲደርስ ሌላ ክስ ይሆናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጎልማሳ ልጇን እንደ ሕፃን የምታጎርስ፣ ደጅ እንዳይወጣ የምትጠብቅ፣ ስለ እሱ ሁሉን የምትመልስ እናት አለች። ከሁለቱም የሚሻለው ትንሽ ነገር መጠየቅ ነው፤ «ቡና ተፈልቷል፣ ና አብረን እንጠጣ» ማለት፣ ካልመጣም ሳይቀየሙ ነገ ደግሞ መጥራት።

ይህ ሁሉ ቤተሰብን መወንጀል ነው የሚል ይኖራል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ በአንድ ወቅት ሕመሙን እናቶች ያመጡታል ያሉ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ብዙ ቤተሰብ አቁስለዋል። እዚህ የተባለው ግን ሌላ ነው። ስኪዞፍሬኒያን ነቀፋ አይፈጥረውም፤ ነቀፋው ራሱም ብዙ ጊዜ የድካም ልጅ ነው። ቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከ178 የታማሚ ቤተሰብ አባላት መካከል 37 ከመቶው የዘመዳቸው መታመም እንዳይታወቅ ይፈልጉ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ብቻውን የሚያስታምም ሰው ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይገርምም። ስለዚህ የታማሚ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው አስታማሚዋን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢያሳርፋት፣ ለታማሚው ከሚሰጠው አሥር ምክር ይበልጥ ሊረዳው ይችላል። አነጋገር እንደሚለወጥም ታይቷል፤ ሌፍና ባልደረቦቹ በ1982 ባሳተሙት ጥናት ስለ ሕመሙ ተምረውና ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ተወያይተው በታገዙት ቤተሰቦች ዘንድ ሕመሙ ያገረሸው ከአሥር ታማሚ በአንዱ እንኳ አልነበረም፤ እርዳታውን ባላገኙት ዘንድ በግማሾቹ። በአገራችንም ገጠር 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበትና በ2022 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ሌላ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ሲደግፉ፣ ታማሚዎቹ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኗል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህል የሚነሣ ነው፤ እኛ ዘንድ ቆጣ ማለት ፍቅር ነው፣ ተለያይቶ መኖርም የፈረንጅ ነው ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። የእናት አብዝቶ መጨነቅ የሚያደርሰው ጉዳት ከባህል ባህል እንደሚለያይ ተመራማሪዎችም ያምናሉ፤ አብሮ መብላትና መጠያየቅ የኛ ሀብት ነው። ነቀፋና ጥላቻን ግን አብሮ መኖር አያስተሰርያቸውም። «ለክፉ ብዬ አይደለም» የሚለው ማስተባበያም ከተናጋሪው እንጂ ከሰሚው ወገን አይደለም።

ረጋ ማለት ዳር ቆሞ ማየት አይደለም። መድኃኒት ጸበል ስለተጀመረ መቋረጥ የለበትም፤ በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ጊዜ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩ ለምእመናን መናገራቸው ይታወሳል። ታማሚው «ብሞት ይሻላል» ካለ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። ብዙዎች ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው ይፈራሉ፤ ጥናቶች ግን ይህን አላገኙም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ፣ ሳይገሥጹ መጠየቅ ይቻላል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፤ በቤቱ ያለው ፀረ ተባይ፣ ገመድና የተከማቸ ኪኒን ከአጠገቡ ይራቅ፣ ሐኪም ዘንድም በዚያው ቀን ይዞት የሚሄድ ሰው ይመደብ።