ስም አልባዎቹ የአታሪ ሰዎች

አታሪ 2600 አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው በ1977 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊቱ ላይ እንጨት መሳይ ሽፋን የተለጠፈበት ጥቁር ሣጥን ሲሆን ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ጨዋታው በፕላስቲክ ካሴት ለብቻው ይሸጥና ከላይ ይሰካል፤ ተጫዋቹ አንዲት ቀይ ቁልፍ ያላት ጆይስቲክ ይጨብጣል። ከእሱ በፊትም የቤት ጨዋታ ማሽኖች ነበሩ፤ ካሴት እየቀያየሩ መጫወትን የብዙ ቤተሰብ ልማድ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል የማሽኑ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ያለ ርኅራኄ ተቆጥቧል፤ 128 ባይት ብቻ። ዛሬ በኮምፒውተር ስንጽፍ አንድ የአማርኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የአታሪ ማስታወሻ 42 ፊደል ሲጻፍበት ይሞላል። አሁን ያነበቡት ዓረፍተ ነገር እንኳ አይገባበትም።

ታዲያ ሥዕሉ የት ይቀመጣል? የትም። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው የኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱን ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር እየጠረገ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስበት ነው። የአታሪ ፕሮግራም ከዚህ ጨረር ጋር ይሽቀዳደማል። አንድ መስመር ተሥሎ እስኪያልቅ ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው 76 ምት ነው፤ ቀላሏ ትእዛዝ እንኳ 2 ምት ትበላለች። በዚያች ፋታ የመስመሩን ቅርጽና ቀለም ለሥዕል ቺፑ ማቀበል አለበት፤ ከዘገየ ምስሉ ይዛባል። ነጥብ መቁጠሩና ጠላት ማንቀሳቀሱ በአብዛኛው ጨረሩ ከታች ወደ ላይ እስኪመለስ ይጠብቃል። ቺፑም የሚያውቀው ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት ጥይት፣ አንድ ኳስና ሸካራ ዳራ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። ጨዋታውን ያስባል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ ሥዕሉንና ድምፁንም ይሠራል። ስሙ ግን ካሴቱ ላይ የለም፤ ከሽያጩም ድርሻ አያገኝም።

ዋረን ሮቢኔት ይህን በራሱ መንገድ ተበቀለ። «አድቬንቸር» የተባለው ጨዋታው ውስጥ የዳራውን ቀለም የለበሰች አንዲት ነጥብ ደበቀ፤ ነጥቧን አግኝቶ ወደ ተወሰነ ቦታ የወሰደ ተጫዋች ወደ ምስጢር ክፍል ይገባል፣ እዚያም የሮቢኔት ስም ቀለም እየቀያየረ ይታያል። ለማንም አልተናገረም። አታሪ ነገሩን የሰማው ሰውየው ሥራ ከለቀቀ በኋላ፣ ከአንድ ተጫዋች ደብዳቤ ነው። ስሙን ለማጥፋት የካሴቱን ቺፕ እንደ አዲስ ማሠራት ያስፈልግ ስለነበር ተወው።

ሌሎቹ ፊት ለፊት ጠየቁ። ዴቪድ ክሬን፣ አለን ሚለር፣ ላሪ ካፕላንና ቦብ ኋይትሄድ ጨዋታዎቻቸው ምን ያህል ትርፍ እንዳስገቡ ያውቁ ነበርና ክብርም ክፍያም ይገባናል አሉ። ከጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የመጡት ሥራ አስኪያጅ ሬይ ካሳር አልተቀበሏቸውም። በ1979 አራቱ ከአታሪ ወጥተው ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ ማሽን ሳይሠራ ለሌላ ድርጅት ማሽን ጨዋታ የሚያዘጋጅ የመጀመሪያው ኩባንያ መሆኑ ነው። አታሪ ከሰሳቸው፤ አላስቆማቸውም። የሠሪውንም ስም በግልጽ አወጡ።

የእነዚህን ሰዎች ብልሃት በአንድ ጨዋታ አሳይ ብባል የክሬንን «ፒትፎል» እመርጣለሁ። በ1982 የወጣው ይህ የጫካ ጨዋታ 255 ትዕይንት ሲኖረው፣ ካሴቱ የሚይዘው 4 ኪሎባይት ነው። ክሬን ትዕይንቶቹን አላስቀመጣቸውም። አንዲት የ8 ቢት ቁጥር በቋሚ ሕግ እየተለዋወጠች ጉድጓዱን፣ አዞውን፣ ዛፉን ትወስናለች፤ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሲመለስ ሕጉ ተገልብጦ የቀድሞው ትዕይንት ራሱ ይመጣል። በዚያው ዓመት ካሮል ሾው የ«ሪቨር ሬይድ»ን ረጅም ወንዝ በተመሳሳይ ዘዴ አፈሰሰችው። ጨዋታ ፕሮግራም በማድረግ ሙያ ከተሰማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት።

በተቃራኒው ጫፍ «ኢቲ» አለ። አታሪ የስቲቨን ስፒልበርግን ተመሳሳይ ስም ያለው ፊልም መብት በውድ ገዝቶ፣ ለ1982 የገና ገበያ እንዲደርስ ሃዋርድ ስኮት ዋርሻውን አምስት ሳምንት ብቻ ሰጠው። ሌሎች ጨዋታዎች ወራት ይፈጁ ነበር። ያልተሸጡ ካሴቶች ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ በ2014 ተቆፍረው ወጡ። ብዙዎች የዘመኑ መጥፎ ጨዋታ ይሉታል፤ እኔ ግን ጥፋቱን ሠሪው ላይ አልጭንም፣ ቀነ ገደቡን ከቆረጡት አለቆች ላይ ነው እንጂ። ተጫዋቾችን እጅግ ያናደደው ጉድለት ሳያስቡት ጉድጓድ ውስጥ መውደቅ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የማሽኑ ወዳጆች ኮዱን ከፍተው በጥቂት ባይት ለውጥ አስተካክለውታል።